ስለ ራስሽ ጻፊ

የማታ ፈረቃ ልገባ ስነሣ፣ ጫማዬን ሳጠልቅ፣
ኦዴሊያ ከኮምፒውተሩ ፊት፣ ዓይኗ ቅጹ ላይ ድርቅ።
ቂርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ ከቆመ ሰንብቷል፤
"አባ፣ ስለ ራስሽ ጻፊ ይላል፤ ስለ ራስ ምን ይጻፋል?"
"ጎበዝ ነኝ በይ" አላት ሩስላን፣ አሰልጣኟ፣ በስልክ ጮኾ፤
"ከሌሎቹ እበልጣለሁ በይ! ገበያ ነው እኮ!"

እኔ ዝም አልኩ።
እኔ ባደግሁበት፣ ሰው ራሱን አያነሣም፤
ሌላ ያመስግንህ እንጂ የገዛ አፍህ ስምህን አያወሣም።
ሰው ቤት ስትጋበዝ፣ ሆድህ ባዶውን ቢጮህም
"በቃኝ፣ ጠገብኩ" ነው፤ "ጨምሩልኝ" አይባልም።
አሁን ልጄን ባሕር ማዶ ያለ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው
"ጨምሪ" ይላታል፤ "ከሌላው የሚለይሽ ምንድን ነው?"

ስሉስ ዝላይ፦ አሥራ ሁለት ሜትር ከሰባ አራት።
ቁጥሩ አልጨበጥ ሲለኝ ቤቴን ለካሁት አንድ ሌሊት፤
ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ተነሥቼ፣ ሳሎኑን አቋርጬ፣
የበረንዳውን ብረት ይዤ ቀረሁ፣ ቁልቁል አፍጥጬ።
ልጄ የምታርፈው ከጎረቤት ልብስ ማስጫ ማዶ ነው፣ አየር ላይ፣
እኔ በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ስኖር ያልደረስኩበት ሰማይ።

ቪዲዮ ላኩ አሉ። "ከጎን ቅረጽ፣ እግሯ ይታይ" ቢለኝ ሩስላን
እሷ ስትነሣ እጄ አብሮ ይነሣል፤ ቀረጽኩ ደመናውን።
አንዱ ላይ ያለው አውራ ጣቴ ብቻ ነው፣ ጥፍሩ የጠቆረ፤
እሱንም በስሕተት ልካዋለች፤ ማን ይሆን ተቀምጦ የመረመረ?

ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ሄደ።
ሃያ ስድስቱ ዝም። አራቱ "ውድ አትሌት ሆይ" ብለው፣ ስሟን እንኳ ሳይጠሩ፣
ለበጋ ካምፓችን ክፈዪ አሉ፣ ዋጋውን ቆጠሩ።
አንዱ ከካንሳስ ደወለ፣ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤
"ስልሳ በመቶ እንሸፍናለን" አለ። የቀረው አርባ በእኔ አንገት።
"ጦሩስ?" አለችው። "እዚህ አገር አሥራ ስምንት ሲሞላ ይጠራል፤
ሁለት ዓመት ትጠብቁኛላችሁ?"
ሰውዬው ረጅም ዝም አለ። ዝምታ ያለ አስተርጓሚ ይገባል።

አጎቴ ያየህ ቀጥቃጭ ነበር፤ ቀን ሙሉ ከወናፉ ጋር፣ ቃል የማይወጣው፤
የሰርግ ለት ግን ከዳሱ መሀል ዱላውን ይዞ የሚነሣው።
"ዘራፍ!" ሲል ምሰሶው ይንቀጠቀጣል፤
ታበየ ብሎ የነቀፈው የለም፤ ሰው ሁሉ "በል! በል!" ይላል።
"ፉከራ እኮ ነው የጠየቁሽ" አልኳት፤ "መታበይ አይደለም፤
ፎካሪ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠራ አይጨርስም።"
ሳቀች። "'ዘራፍ' በእንግሊዝኛ የለም።"

ከዚያ ጻፈች፤ በተሰባበረ አማርኛ ተረጎመችልኝ፦
"ዝላይ የሚለካው ከፊት እግር አይደለም፤ አሸዋው ላይ ከኋላ ከቀረው ምልክት ነው፤
እጅህ ወደ ኋላ ቢነካ ከእጅህ ይቆጠራል፤ የበረርከው ሁሉ ከንቱ ነው።
እኔ ስወድቅ ወደ ፊት ነው የምወድቀው።
አባቴ ፈረደ ይባላል። ሌሊት ይሠራል፤
ቀን ሜዳ ይመጣል፣ ሰማይ ይቀርጻል።"

ወላጆችሽ ኮሌጅ ገብተዋል? የሚለው ሣጥን ቀርቶ ነበር ባዶ፤
ጣቷ እሱ ላይ ቆመ፤ ዓይኗ ወደ እኔ መምጣቱ ከብዶ።
"'አልገቡም' በይ" አልኳት። "መንደርደሪያውንም ይወቁት።"

አውቶቡሱ አምልጦኛል። በባዶው አስፋልት፣ በእግሬ፣ ወደ ፋብሪካው ሳዘግም
(ልካው ይሁን፣ ፈርታ ትታው ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም)
ከመብራቱ ምሰሶ ተነሥቼ ሦስቴ ዘለልኩ፣ በዚያ በከባዱ ጫማ፤
"ዘራፍ" አልኩ፤ ቀስ ብዬ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ።